በገዛ ፈቃዳቸው

ቅዳሜ ጥር 15 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ፣ ዲላ ከተማ ውስጥ ከአንድ መኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ወረደ። በቡና ጆንያ ላይ የተሣለ የአንዲት ወጣት ሴት ፊት ነበር። ያወረደው ሰው ሠዓሊውም፣ የቤቱ ባለቤትም፣ የልጅቷ ዘመድም አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ያህል ሰዎች ቆመናል። ተጨበጨበ። እኔ ያላጨበጨብኩት ካሜራ ስለያዝኩ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ከዲላ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና የምልክ ዘጋቢ ነበርኩ። በሥራው ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። ደንቤ አጭር ነበር፦ ያየኸውን ጻፍ፤ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጻፍ፤ የራስህን ስሜት ቤትህ ተወው። ቡና የጫነ መኪና ተገልብጦ ሰው ሲሞትም፣ ገበያ ሲቃጠልም እጄ ሳይንቀጠቀጥ ጽፌያለሁ። በዚህም እኮራ ነበር።

የምኖረው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጋሽ ታፈሰ ግቢ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። ጋሽ ታፈሰ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ናቸው። በከተማው ካሉት ሱቆችና ፀጉር ቤቶች የብዙዎቹን ሰሌዳ የጻፉት እርሳቸው ናቸው። ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ ነበራቸው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ የሟቹን ጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል። ጋሽ ታፈሰ ፎቶውን በእርሳስ በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍሉና እያንዳንዷን ካሬ አሳድገው ለለቅሶ ቤቱ ትልቅ ሥዕል ያደርሳሉ። ለቤተሰቡ የሚሰጠው በስስ ጣውላ ላይ የሚሣለው ነው። ከዚያ በፊት ግን እጃቸውን የሚያሟሹበት አንድ ሙከራ ሁልጊዜ በቡና ጆንያ ላይ ይሠራሉ። ሙከራው አይሸጥም፤ አይጣልምም። «የሰው ፊት እንዴት ይጣላል?» ይላሉ። በዚህ ምክንያት የሳሎኑ ግድግዳ ሞልቶ ሥዕሎቹ ወደ መኝታ ቤት ተሻግረው ነበር። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ፣ «እኔ የምተኛው ከግማሽ ዲላ ጋር ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ላለው ቅዳሜና እሑድ አንድ ኮሚቴ «የጥበብ መንገድ» የተባለ ጉብኝት አዘጋጀ። ቅዳሜ ዲላ ውስጥ ሰባት የጥበብ ሰዎች ቤታቸውን ለጎብኚ ይከፍታሉ። እሑድ ደግሞ ጉብኝቱ ወደ ፍስሐ ገነት ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ካርታ ይታደላል፤ ሰውም በእግሩ ወይም በባጃጅ ከቤት ቤት ይዞራል። ጋሽ ታፈሰ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። ያግባባኋቸው እኔ ነኝ።

«እንግዳ ገብቶ አንዱን ሥዕል ቢያደንቅብኝስ?» አሉኝ።

«ቢያደንቅ ምን ችግር አለው ጋሼ?»

«ይውሰዱት ማለቴ አይቀርማ።»

«እሱም፣ አይ በእጅዎ ይሰንብት ይላል።»

«ካላለስ?»

እትዬ አስካለ ከጓዳ ሆነው፣ «እንደዚያ የማይል ሰው ማን ወልዶት?» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

ነገሩ የታወቀ ነው። እንግዳ ያደንቃል፤ ባለቤት ይውሰዱት ይላል፤ እንግዳ ይመልሳል። ሦስቱም ካልተባሉ ንግግሩ አላለቀም። በዚያ ቤት ሦስተኛው ይቀራል ብዬ አላሰብኩም።

ቅዳሜ በሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈተ። መጀመሪያ የመጡት ካርታ የያዙ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያመጣቸው የባጃጅ ነጂ መቸኮሉን ለማሳወቅ ጡሩንባ እየነፋ ቆየና፣ ሲሰለቸው ሊጠራቸው ገባ። ገብቶ ግን አልጠራቸውም። ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ አባቴ እዚህ ነው እንዴ ያለው?»

«የከበደ ልጅ ነህ?»

«አዎ። እኛ ቤት ያለው ሥዕል ተኮሳትሯል። እዚህ ፊቱ ፈታ ብሏል።»

«ይሄ እጄን ሳሟሽ ነው። ገና አልኮሳተርኩትም ነበር።»

ልጁ በረንዳ ላይ ወጥቶ ስልክ ደወለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካርታ ያልያዙ ሰዎች መግባት ጀመሩ። ጉብኝት የሚባል ነገር መኖሩን አልሰሙም፤ የሰሙት ሟቾቻቸው ጋሽ ታፈሰ ቤት እንዳሉ ነው። አንዲት የእህል ነጋዴ ከባሏ ሥዕል ፊት ቆማ፣ «ጋሽ ታፈሰ፣ አቅጥነውብኛል እኮ። በቁሙ እንዲህ ቀጭን ቢሆን በደም ግፊት አይሞትም ነበር» አለች። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እትዬ አስካለ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር አስመጡ። በማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጎብኚዎች ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ዝም በሉ ያላቸው የለም።»

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መስፍን የክብር እንግዳውን ይዘው ገቡ። እንግዳው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሥዕል የሚሰበስቡ ሽማግሌ ናቸው። አቶ መስፍን አግዳሚውን አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ይሄ ጉብኝት ነው ወይስ ለቅሶ ቤት? ሰውዬው ምን ይላሉ?»

መልሴን አልጠበቁም። ወደ ተቀመጡት ዞረው፣ «እናቶች፣ እስቲ ለእንግዳ ቦታ ልቀቁ» አሉ። እናቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። እኔ ሰዓቱን ጻፍኩ።

እንግዳው ግድግዳውን ቀስ ብለው ሲያዩ ከአንድ ሥዕል ፊት ቆሙ። ነጭ ኮሌታ ያላት ወጣት ናት። ከንፈሯ ጥቂት ተከፍቷል፤ በፊት ጥርሶቿ መካከል ፍንጭት ይታያል። በትከሻዋ በኩል የጆንያው ሰማያዊ ፊደል በቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። ከታች በእርሳስ ስሟና የጋሽ ታፈሰ ፊርማ አለ።

«ይህቺ ልጅ ልትናገር ነው» አሉ እንግዳው። «ድንቅ ሥራ ነው።»

ጋሽ ታፈሰ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። «ይውሰዷት። ለእርስዎ ትሁን።»

እንግዳው አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ሳይወጣቸው አቶ መስፍን፣ «ተበርክቷል! እጃችን አይቦዝን እንጂ» አሉ። ጭብጨባው ተነሣ። አቶ መስፍን ወንበር ስበው ወጡበትና ሥዕሉን ከሚስማሩ አነሡት። ከወንበሩ ላይ ሆነው፣ «አንሳ እንጂ ጋዜጠኛ» አሉኝ። ሦስት ፎቶ አነሣሁ።

አቶ መስፍን ሥዕሉን ይዘው ከእንግዳው ጋር ሲወጡ ጋሽ ታፈሰ ግድግዳውን ያዩ ነበር። ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ቀርቷል። ምን እንደተሰማቸው አልጠየቅኳቸውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ዜናውን በስልክ አስተላለፍኩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነበር፦ «ሠዓሊው ከሥራዎቻቸው አንዱን በገዛ ፈቃዳቸው ለክብር እንግዳው አበርክተዋል።» በገዛ ፈቃዳቸው የሚለውን ማንም አልነገረኝም። ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ መስሎ ስለታየኝ የጨመርኩት እኔ ነኝ። አቶ መስፍን ለፋይላቸው ቅጂ ሲጠይቁኝ ፈርሜ ሰጠኋቸው።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት በሩን አንኳኩ። ጃንጥላቸውን አጥፈው ከደጃፉ አቆሙና ጫማቸውን ጠረጉ። ወ/ሮ ብርቄ ይባላሉ። በጭነት መኪና ከዱመርሶ ነው የመጡት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነውና ለሴቱም ለወንዱም «እሱ» ይላሉ።

«ሰዎች ነገሩኝ» አሉ። «የሞተ ሰው ሁሉ እዚህ አለ አሉኝ። ልጄም አለ አሉኝ።»

«ማን ትባላለች ልጅሽ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ትዕግሥት። ነርስ ሊሆን አንድ ዓመት ነበር የቀረው።»

እትዬ አስካለ ባላቸውን አዩ። ጋሽ ታፈሰ መሬት መሬት አዩ። ወ/ሮ ብርቄ ማንንም ሳይጠብቁ ከበሩ ጥግ ጀምረው እያንዳንዱን ፊት ያዩ ጀመር። ሳሎኑን ዞሩ፤ ተፈቅዶላቸው መኝታ ቤቱንም አዩ። ተመልሰው ከነጣው ቦታ ፊት ቆሙ።

«እዚህ ማን ነበር?»

ጋሽ ታፈሰ ነገሯቸው።

ወ/ሮ ብርቄ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ቤታቸው ክረምት ላይ ተቃጥሎ ነበር። በጣውላ የተሣለው ትልቁ ሥዕልም፣ ጉርድ ፎቶውም አብረው ነደዋል። ሌላ ፎቶ የለም።

«ዓይኑን አውቃለሁ» አሉ። «ግንባሩንም አውቃለሁ። አፉ ግን ጠፋኝ። ቁጭ ብዬ አስባለሁ፤ አይመጣም። እናት ነኝ። የልጄን አፍ ረሳሁ።»

እትዬ አስካለ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ወ/ሮ ብርቄ፣ «ውሰደው ስትለው እንግዳው እሺ አለ?» ብለው ጋሽ ታፈሰን ጠየቁ።

«እሺም አላሉ። እምቢም አላሉ።»

«ታዲያ ማነው የወሰደው?»

ከትናንት ጀምሮ በዚያ ቤት የተጠየቀ የመጀመሪያው ትክክለኛ ጥያቄ ይህ ነበር። ለመጠየቅ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን እኔ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ እንደገና ቢሥሏትስ?» አልኩ።

«ከምኑ?» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ። «እኔ ከካሬ ነው የምሥለው። ፎቶ ከሌለ ካሬ የለም። ልጅቷን በሕይወት አይቻት አላውቅም። ከራሴ ብጨምር የሌላ ሰው አፍ ነው የምሰጣቸው።»

ካሜራዬን አመጣሁ። ሦስቱን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየናቸው። በሁለቱ የአቶ መስፍን ክርን፣ በአንዱ የእንግዳው እጅ ከአፍንጫዋ በታች ያለውን ሸፍኖታል። የአቶ መስፍን ፈገግታ ግን በሦስቱም ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ተቆጣሁ።

«እጠብቃለሁ» አሉ ወ/ሮ ብርቄ፣ ጃንጥላቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው።

በሚኒባስ ይርጋጨፌ ደረስኩ፤ ከዚያ ሌላ መኪና ለውጬ ፍስሐ ገነት ገባሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነበር። እንግዳው ከአንድ የቀርከሃ ሥራ ባለሙያ ቤት ሲወጡ አገኘኋቸው። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሥዕሉ እኔ ጋ የለም ልጄ» አሉ። «በፍሬም አድርገን እንልክልዎታለን ተባልኩ። ደግሞስ በእጅዎ ይሰንብት ልል ነበር አፌን የከፈትኩት። ጭብጨባው ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ሰዎቹን ማሳፈር መሰለኝ።»

የጉብኝቱን ካርታ ገለበጡና በጀርባው ላይ፣ «ሥዕሉን አልተቀበልኩም። ለእናቷ ይሰጥ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙበት።

አቶ መስፍን ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። «አንተ ዘጋቢ ነህ ወይስ ጉዳይ አስፈጻሚ?»

«ዛሬ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ።»

«ነገ ቢሮ ና» አሉኝ። «ነገር በሥርዓት ነው የሚሄደው።»

ሰኞ ጠዋት አራታችንም ሄድን፤ ጋሽ ታፈሰ፣ እትዬ አስካለ፣ ወ/ሮ ብርቄና እኔ። ወ/ሮ ብርቄ ያደሩት እትዬ አስካለ ጋ ነው። አቶ መስፍን እስከ ስምንት ሰዓት ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ኮሪደር ላይ ጠበቅን። በተከፈተው በር ሳያቸው ጋዜጣ ያነብቡ ነበር። ይህንንም ጻፍኩት።

ስንገባ የእንግዳውን ወረቀት አንብበው ወደ ጎን አደረጉት። «ይህ ካርታ ነው፤ ደብዳቤ አይደለም» አሉ። «ሥዕሉ በንብረት ክፍል ተመዝግቦ ገቢ ሆኗል። የተሰጠ ነገር ደግሞ አይመለስም።»

«አልተሰጠም» አልኩ።

አቶ መስፍን ፋይሉን ከፈቱ። ያወጡት የእኔን ዜና ነበር። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አስቀመጡ።

«በገዛ ፈቃዳቸው ይላል። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ?»

ወ/ሮ ብርቄ ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱ ምን እንደሚል ጋሽ ታፈሰን ጠየቁ፤ ጋሽ ታፈሰም በዝግታ ነገሯቸው። ጋሽ ታፈሰን በእጃቸው እያመለከቱ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«እሱን ጠይቀኸው ነበር?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንግዲያ እሱን ጻፍ።»

ከአቶ መስፍን ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አነሣሁ፤ አላስፈቀድኩም። የጻፍኩት ይኸው ነው፦ «በዜናዬ ውስጥ ‹በገዛ ፈቃዳቸው› ያልኩት ሠዓሊውን ሳልጠይቅ ነው። ሠዓሊው ለእንግዳ የሚባለውን የአክብሮት ቃል ተናገሩ። እንግዳው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ሥዕሉን ያወረዱት የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።» ፈረምኩና በዜናው ላይ ደረብኩት።

አቶ መስፍን ወረቀቱን አላነሡትም። ያነሡት የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ናቸው፤ መዝገብ ይዘው ከበሩ አጠገብ የቆሙ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው። ሁለቱንም ጽሑፍ አነበቡ።

«አቶ መስፍን» አሉ፤ «ተቀባዩ አልተቀበልኩም ካሉ፣ የሰጪውም መስጠት እንዲህ ከሆነ፣ እኔ መጋዘን ቆልፌ የምጠብቀው የማንን ዕቃ ነው?»

ቁልፋቸውን ይዘው ሄዱ።

ሥዕሉ ወርቃማ ቀለም በተቀባ ፍሬም ውስጥ ሆኖ መጣ። ፍሬሙ አስቀድሞ የተሠራ ነበርና ሥዕሉ አልበቃበትም። ስለዚህ ጆንያው ከታች አራት ጣት ያህል ተቆርጧል። የትዕግሥት ስምና የጋሽ ታፈሰ ፊርማ የነበሩት እዚያ ላይ ነው። ፍሬሙ የኮሚቴው ንብረት ስለሆነ ከሥዕሉ ጋር አይወጣም ተባለ። ጋሽ ታፈሰ ከኪሳቸው ፒንሳ አውጥተው፣ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀሉ። ፍሬሙን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሥዕሉን ለወ/ሮ ብርቄ ሰጡ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር።

ወ/ሮ ብርቄ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ጣታቸውን ወደ ከንፈሯ አስጠጉ፤ አልነኩትም።

«ፍንጭት ነበር» አሉ። «ፍንጭቱን እንኳ ረስቼ።»

በዚያው ቀን አርታኢዬ ጋ ደውዬ ማስተካከያ እንዲነበብ ጠየቅኩ። «ለአንድ ሥዕል? አትቀልድ» አለኝ። ማስተካከያው እስኪነበብ ከዲላ ዜና እንደማልልክ ነገርኩት። እንደዚያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ረቡዕ ዕለት በሁለት ዓረፍተ ነገር ተነበበ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ። «ሁላችንም ተስማምተናል» ሲባል ሰምታችኋል፤ ምናልባትም አጨብጭባችኋል። እኔ ከዚያ ሰኞ ወዲህ «በገዛ ፈቃዱ»፣ «በደስታ»፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚሉትን ቃላት ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልጽፍም። ጭብጨባ ስሰማ የማያጨበጭበውን ሰው እፈልጋለሁ፤ ዜናው ብዙ ጊዜ እርሱ ጋ ነው። ስሜትህን ቤትህ ተወው የሚለውን ደንቤንም ትቼዋለሁ ማለት አይደለም። ነገር ግን እናቶች ከአግዳሚ ሲነሡ ሰዓት ብቻ የሚጽፍ ሰው ገለልተኛ አይደለም። ወንበሩን ይዞ የሚያግዝ ነው።

አቶ መስፍን በልባቸው ክፉ ሰው አልነበሩም ብዬ ብጽፍ ጽሑፉ ይለሰልስ ነበር። ይህን ግን አላጣራሁም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ይህን አጣርቻለሁ። የተቆረጠውን ጆንያ ፍለጋ ፍሬሙን የገጠመው አናጢ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ተጠርጎ ተጥሏል አለኝ።

የጥበብ መንገድ በቀጣዩም ዓመት ከጥምቀት በኋላ ተካሄደ። ካርታው አንድ ቅጂ እጄ ላይ አለ። በዲላ ስድስት ቤቶች ተመልክተዋል። የጋሽ ታፈሰ ቤት የለበትም።